ነገሩ ገብቷልን? የሰው ልጅ መግባባት በዩኒቨርሲቲ ስለሚጠናበት ምክንያትና ለነጋዴ ስለሚሰጠው ጥቅም

የንግድ ሥራ ከዕቃው አስቀድሞ በቃል እንደሚጀመር ማንኛውም ነጋዴ ያውቀዋል። ቡናው ከመጋዘን ሳይወጣ የቡናው ነገር በደብዳቤ ባሕር ይሻገራል፤ ጨርቁ ከመደርደሪያው ሳይወርድ ስለ ጨርቁ የሚነገረው ቃል ከገዢው ጆሮ ይደርሳል። ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ቃሉ ቢሰናከል ውሉ ይፈርሳል፤ ገንዘቡ ይታሰራል፤ የቆየ ወዳጅነትም ይሻክራል። ይህም ሆኖ ለሒሳብ መዝገቡ የተማረ ሰው የሚፈልግ፣ ለክርክሩ ጠበቃ የሚያቆም፣ ለመኪናው መካኒክ የሚይዝ ነጋዴ፣ የቃልን አካሄድ አጥንቶ የተመረቀ ሰው መኖሩን እምብዛም አያስበውም።

ስለዚህም ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ «በዩኒቨርሲቲ የማጠናው ኮሙኒኬሽን ነው» ባለው ጊዜ አባት ቅር ይለዋል። «መናገርንማ ከእናትህ ጉያ ተምረኸው የለምን? ይህን ያህል ዓመት ስለ ንግግር ምን ይማሩታል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ሊያውቅ ይገባዋልና። በዚህ ጽሑፍ ይህ ትምህርት ምን እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደ መጣ፣ ምን ዓይነት ዕውቀት እንዳስገኘና ነጋዴ ከእርሱ ምን ሊቀስም እንደሚችል በአጭሩ ይገለጻል። የተጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

የስሙ ትርጉም

መገናኛና መግባባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መንገድ፣ ፖስታ፣ ቴሌፎንና ራዲዮ መገናኛዎች ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ግን ጥራቱ የተመሰገነ ቴሌፎን ይዘው አንድ ሰዓት ሙሉ ተነጋግረው ሳይግባቡ ሊለያዩ ይችላሉ። በዩኒቨርሲቲ ኮሙኒኬሽን ወይም ተግባቦት ተብሎ የሚጠናው ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

የአማርኛ ቋንቋ የነገሩን ምሥጢር በአንድ ቃል ይዞታል። ሰው የተነገረውን ባስተዋለ ጊዜ «ገባኝ» ይላል፤ ያላስተዋለም እንደ ሆነ «አልገባኝም» ይላል። እንግዲህ መግባባት ማለት የአንዱ ሐሳብ በሌላው ልብ መግባቱ፣ የሌላውም ሐሳብ እንደዚሁ ተመልሶ መግባቱ ነው። የትምህርቱም ዋና ጥያቄ «ምን ተባለ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ምን ገባ?» የሚለው ነው። ሻጭ የተናገረውና ለገዢ የገባው ነገር በተለያዩ ጊዜ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በብር የሚቈጠር ኪሣራ ይሆናል።

የትምህርቱ አመጣጥ

ጥናቱ ሥሩ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰው ሰውን የሚያሳምንባቸውን መንገዶች በሦስት ከፍሎ አስረድቷል። እነዚህም የተናጋሪው ጠባይና ታማኝነት፣ የአድማጩ ስሜት፣ እንዲሁም የነገሩ ማስረጃ ናቸው። ይህን አከፋፈል የመርካቶ ነጋዴ ከመጽሐፍ ባያነበውም በሥራው ያውቀዋል። ደንበኛው የሚገዛው ሻጩን አምኖ፣ ዕቃውን ወድዶ፣ ዋጋውንም መዝኖ ነውና።

በዛሬው መልኩ ግን ትምህርቱ የተደራጀው በሃያኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ነው። በ1914 ዓ.ም. የንግግር መምህራን የሆኑ 17 ሰዎች ከእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ማኅበር ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። ሐሳባቸውም የተጻፈውን ቃል ማጥናት አንድ ነገር ነው፣ በሰውና በሰው መካከል የሚነገረውን ቃል ማጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚል ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ መንግሥታት በራዲዮ፣ በፊልምና በጋዜጣ የሚነገረው ነገር በሕዝብ ልብ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ አጥብቀው ስለ ፈለጉ ምርምሩ ተስፋፋ። ዊልበር ሽራም የተባለው መምህር በ1940ዎቹ ዓመቶች በአዮዋና በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ ራሱን የቻለ ክፍል እንዲሆን አደረገ። በ1948 ዓ.ም. የፖለቲካ ሊቅ የሆነው ሃሮልድ ላስዌል ጥናቱን ሁሉ በአምስት ጥያቄዎች ጠቀለለው፤ እነርሱም ማን ተናገረ፣ ምን ተናገረ፣ በምን መንገድ፣ ለማን፣ ምንስ ውጤት አስገኘ የሚሉ ናቸው። በዚያው ዓመት የቤል ቴሌፎን መሐንዲስ ክሎድ ሻነን መልእክት ከላኪ ወደ ተቀባይ ሲሄድ በመንገድ ላይ የሚደርስበትን ሁከት በሒሳብ ለክቶ አሳየ። ሻነን የለካው በሽቦ ላይ የሚሄደውን ምልክት እንጂ የቃሉን ትርጉም አልነበረም፤ ሆኖም ሌሎች ሊቃውንት ከእርሱ ተነሥተው በሽቦ ብቻ ሳይሆን በሰው ልብም ሁከት እንዳለ መመርመር ጀመሩ።

ተማሪዎች ምን ይማራሉ?

የትምህርቱ ዝርዝር እንደየዩኒቨርሲቲው ቢለያይም ዋና ዋና ክፍሎቹ ተመሳሳይ ናቸው። ተማሪው በጉባኤ ፊት መናገርን፣ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግን ንግግር፣ በአንድ ድርጅት ውስጥ ትእዛዝና ወሬ የሚተላለፍበትን መንገድ፣ የጋዜጣንና የራዲዮን ሥራ፣ የተለያየ ልማድ ያላቸው ሕዝቦች የሚገናኙበትን ሁኔታ ይማራል። ከሁሉም በላይ የምርምር ዘዴን ይማራል፤ ይኸውም መጠይቅ ማዘጋጀት፣ ሰውን ሳያስገድዱ መጠየቅ፣ መልሱን በስታቲስቲክስ መመርመር፣ ከግምትም እርግጠኛውን መለየት ነው። አባት «ንግግር ብቻ ይማራሉ» ብሎ ሲያስብ ልጁ ቍጥር ሲቈጥር ሊያገኘው ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህ ጥናት በአብዛኛው ከጋዜጠኝነትና ከሕዝብ ግንኙነት ሥራ ጋር ተያይዞ ይሰጣል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የጋዜጠኝነትና የኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት ይገኛል። ስለዚህ ብዙ ሰው ተመራቂው ጋዜጠኛ ከመሆን በቀር ሌላ ሥራ የለውም ብሎ ያስባል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገሩት ምርምሮች ግን ጕዳዩ ገበያን በቀጥታ እንደሚነካ ያስረዳሉ።

የአዮዋ ገበሬዎችና አዲሱ ዘር

በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የተዳቀለ የበቈሎ ዘር ለገበያ ቀረበ። ዘሩ ከቀድሞው ይልቅ ወደ 20 በመቶ የሚበልጥ ምርት የሚሰጥና ድርቅንም የሚቋቋም ነበር። የዕቃው ብልጫ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ገበሬው ሁሉ ወዲያው ሊሽቀዳደም በተገባው ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም። ብራይስ ራየንና ኒል ግሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሁለት መንደሮች የሚኖሩ ገበሬዎችን ጠይቀው በ1943 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት እንደ ተገለጸው፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አዲሱን ዘር የተቀበሉት ከመቶው ዐሥር ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ ቍጥራቸው ወደ አርባ በመቶ ከፍ አለ። እስከ 1941 ዓ.ም. ድረስም ከ259 ገበሬዎች መካከል ሁለት ብቻ ሲቀሩ ሁሉም ተቀብለውት ነበር።

ታዲያ ገበሬውን ምን አዘገየው? በኋላስ ምን አፋጠነው? ለነጋዴ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት ከሻጮች ነበር፤ እንዲገዙ ልባቸውን ያሳመናቸው ግን ጎረቤታቸው ነበር። ሻጩ ወሬውን ያደርሳል፤ እምነትን የሚሰጠው በአጥር ማዶ ያለው የጎረቤት ማሳ ነው።

ይህን ጉዳይ በኋላ በሰፊው የመረመረው ኤቨረት ሮጀርስ ራሱ የአዮዋ ገበሬ ልጅ ነበር። አባቱ አዲሱን ዘር አልቀበልም ብለው ሲቆዩ በ1936 ዓ.ም. ድርቅ መጣ፤ የጎረቤት በቈሎ ቆሞ የእርሳቸው ጠወለገ። ሮጀርስ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ አዲስ ነገርን በመቀበል ረገድ ሰዎችን በአምስት ክፍል አድርጎ አቀረበ። ከመቶው ሁለት ተኩል የሚሆኑት ፈር ቀዳጆች ናቸው፤ ዐሥራ ሦስት ተኩል የሚሆኑት ቀደም ብለው የሚቀበሉና በሰፈራቸው የሚከበሩ ናቸው፤ ሠላሳ አራቱ አይተው ይከተላሉ፤ ሌሎች ሠላሳ አራት ተጠራጥረው ዘግይተው ይመጣሉ፤ የቀሩት ዐሥራ ስድስቱ መጨረሻ ላይ ይገኛሉ።

በዲኬተር ከተማ በ1945 ዓ.ም. 800 ሴቶች ተጠይቀው የተደረገው ጥናትም ወደዚሁ ይመራል። ኤሊሁ ካትዝና ፖል ላዛርስፌልድ በ1955 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ለቤት የሚገዛ ዕቃ በሚመረጥበት ጊዜ ከጋዜጣና ከራዲዮ ማስታወቂያ ይልቅ የሰው ምክር ኀይል ነበረው። በገበያ ነገር ምክራቸው የሚሰማው ሴቶችም የግድ ባለጸጎች አልነበሩም፤ ብዙውን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ እናቶች ነበሩ። አዲስ ሳሙና ወይም አዲስ ዘይት የሚያመጣ አስመጪ ይህን ቢያስተውል፣ ገንዘቡን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ከማፍሰሱ በፊት በየሰፈሩ ቃላቸው የሚሰማ እነማን እንደ ሆኑ ይጠይቃል።

ጕድለትን ስለ መናገር

ሌላው ምርምር የተደረገው በወታደሮች ላይ ነው። በ1945 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ከጃፓን ጋር የሚደረገው ጦርነት በቶሎ እንደማያልቅ ለወታደሮቹ ለማስረዳት ፈለገ። ካርል ሆቭላንድና ጓደኞቹ ሁለት የራዲዮ ንግግሮች እንዲዘጋጁ አደረጉ። አንደኛው ጦርነቱ ይረዝማል የሚለውን ወገን ብቻ ያስረዳ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ተቃራኒውን አስተያየትም ጨምሮ ያቀርብ ነበር። ውጤቱ በ1949 ዓ.ም. ታትሟል። አስቀድመው በሐሳቡ ለተስማሙት አንድ ወገን ብቻ የሚናገረው ተስማማቸው፤ ሐሳቡን ይቃወሙ የነበሩትንና ከፍ ያለ ትምህርት የነበራቸውን ይበልጥ የለወጣቸው ግን ሁለቱን ወገን የሚያቀርበው ሆነ።

ከዚህ ነጋዴ የሚማረው ትምህርት ሩቅ አይደለም። ተጠራጣሪና ዐዋቂ ገዢ በመጣ ጊዜ «ዕቃዬ እንከን የለበትም» ማለት ጥርጣሬውን ያበረታበታል። «ቀለሙ እንደዚያኛው አያብረቀርቅም፤ ነገር ግን በእጥበት አይለቅም» ያለ ሻጭ ግን የሚታመን ይሆናል። የታመነውም ስለ ቀለሙ የተናገረው ስለ እጥበቱ ለተናገረው ምስክር ስለሚሆንለት ነው።

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በማያውቁት ቃል ሳይሆን ሁለቱም እናውቀዋለን በሚሉት ቃል ነው። ለአስመጪዎች ቅርብ የሆነው ምሳሌ «ሲ.ኤፍ.አር. ጅቡቲ» የሚለው የውል ቃል ነው። ሻጩ እስከ ጅቡቲ የመርከቡን ኪራይ ስለሚከፍል፣ ገዢው በመንገድ ለሚደርሰው ጉዳትም ሻጩ ኀላፊ የሆነ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ በደንቡ መሠረት ዕቃው በተነሣበት ወደብ መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ የሚደርሰው ጉዳት የገዢው ነው። ኪራዩና ኀላፊነቱ በተለያየ ቦታ ያልፋሉ። የዓለም የንግድ ምክር ቤት በ1936 ዓ.ም. ኢንኮተርምስ የተባለውን ደንብ ያወጣው፣ እየታደሰም እስከ 2020 ዓ.ም. ቅጂ የደረሰው፣ የንግድ ቃላት በየአገሩ ልዩ ልዩ ትርጉም እየተሰጣቸው ነጋዴን ያጣሉ ስለ ነበር ነው።

የቀን አጻጻፍም እንደዚሁ ነው። በደብዳቤ ላይ «5/6» ተብሎ ቢጻፍ ኢትዮጵያዊው የካቲት 5 ቀን ብሎ ያነበዋል፤ እንግሊዛዊው ጁን 5 ይለዋል፤ አሜሪካዊው ደግሞ ሜይ 6 ይለዋል። የውጭ አገር ደንበኛም በ3 ሰዓት እንገናኝ ቢባል፣ ኢትዮጵያዊው ጧት ሲጠብቀው እርሱ ከቀትር በኋላ ሊመጣ ይችላል። ከሦስቱም አንዱ እንኳ አልዋሸም፤ አንዱም ቋንቋ አላጣም። ነገሩ ግን አልገባም።

ቃል የሌለበት ንግግርም አለ። በኢትዮጵያ በሶማሌ ክልል የከብት ገበያ ደላሎች እጃቸውን በጨርቅ ሥር አገናኝተው በጣት ብቻ ዋጋ ሲደራደሩ፣ በዙሪያው የቆመው ሰው ምን እንደ ተባባሉ አያውቅም፤ ሁለቱ ግን በሚገባ ይግባባሉ። ኤድዋርድ ሆል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1959 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ጊዜና ቦታ ራሳቸው ይናገራሉ ሲል አስተምሯል። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ በሃርቫርድ የንግድ መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፍ፣ በዚያ አገር ለአንድ ጉዳይ ውሳኔ የሚወስደው ጊዜ እንደ ጉዳዩ ክብደት መሆኑን፣ ስለዚህም ነገሩን ለማፋጠን የሚጣደፍ አሜሪካዊ ሳያውቅ የሥራውን ክብር እንደሚያወርድ ገልጾ ነበር። አስተያየቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን አንባቢው ከራሱ ሥራ ሊመዝነው ይችላል። የማይካደው ግን የአንዱ ትጋት ለሌላው ንቀት፣ የአንዱ ርጋታም ለሌላው ስንፍና መስሎ ሊታይ መቻሉ ነው።

የተጋነነ ወሬ እንዳያታልል

ይህ ጥናት እንደ ሌሎች ትምህርቶች ሁሉ በአቋራጭ የሚነግዱበት ሰዎች አላጡትም። በየስብሰባው «ከሰው ንግግር ውስጥ ቃሉ የሚሠራው 7 በመቶ፣ ድምፁ 38፣ ፊቱ 55 በመቶ ነው» ሲባል ይሰማል። ቍጥሩ የመጣው አልበርት ሜሕራቢያን በ1967 ዓ.ም. ካወጣቸው ሁለት ጥናቶች ነው። ነገር ግን በእነዚያ ጥናቶች የተፈተነው ነጠላ ቃል በልዩ ልዩ ድምፅ ሲነገርና ከፊት ፎቶግራፍ ጋር ሲቀርብ ሰሚው ተናጋሪውን ይወድደዋል ወይስ ይጠላዋል ብሎ የሚፈርደው እንዴት እንደ ሆነ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ለሰው ንግግር ሁሉ ደንብ ማውጣት አይቻልም። ስለ ሦስት መቶ ኩንታል ሰሊጥ የተጻፈ ውል ሲፈረም ቃሉ 7 በመቶ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ነጋዴ ቢኖር መጋዘኑ ብዙ ጊዜ አይቆይለትም። የእውነተኛው ትምህርት ጥቅምም እንዲህ ያለውን የገበያ ወሬ ከተመረመረው ዕውቀት ለመለየት ማስቻሉ ነው።

በሌላም በኩል ዲግሪ ብቻውን ሰውን አንደበተ ርቱዕ ወይም ታማኝ አያደርገውም። ትምህርቱ ዓይንን ይከፍታል እንጂ የገበያን ልምድ አይተካም።

ለነጋዴው የሚበጀው

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከዚህ ሁሉ ጥናት ሥር ያለው ነገር አንድ ነው፤ የተነገረው ቃል ሥራውን የሚፈጽመው በሰሚው ልብ እንደ ተፈለገው የገባ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህም ነጋዴ ትእዛዝ በሰጠ ጊዜ «ገባህ?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ መልሱ ዘወትር «አዎን» ይሆንበታል፤ አክብሮትና እፍረት «አልገባኝም» እንዳይባል ይከለክላሉና። ይልቁንም ሠራተኛው ወይም ደንበኛው የገባውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ቢያደርግ ስሕተቱ ገንዘብ ሳይበላ ይታያል። ለውጭ አገር በሚላክ ደብዳቤም የወሩን ስም በፊደል መጻፍና የማን አቆጣጠር እንደ ሆነ መግለጽ፣ የውሉንም ቃል ከደንቡ ዓመት ጋር «ኢንኮተርምስ 2020» ብሎ መጥቀስ፣ ከአንድ መስመር የማይበልጥ ድካም ሆኖ ትልቅ ክርክርን ያስቀራል።

ይህን ትምህርት የጨረሰ ወጣት ወደ ንግድ ቤት የመጣ እንደ ሆነም ከማስታወቂያ ጽሑፍ በቀር ሥራ የለውም ተብሎ መታለፍ የለበትም። ደንበኞች ለምን እንደ ራቁ ጠይቆ መመርመር፣ ደብዳቤዎች በተቀባዩ ዓይን ሲነበቡ ምን እንደሚሉ ማየት፣ በአለቃና በሠራተኛ መካከል ትእዛዝ የሚበላሽበትን ስፍራ ማግኘት የተማረባቸው ሥራዎች ናቸው። በተለይም ዐማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና ሌሎችም ቋንቋዎች በአንድ ገበያ በሚነገሩበት አገር እንዲህ ያለ ሰው ሥራ አያጣም።

«መናገርንማ ከእናትህ ጉያ ተምረኸው የለምን?» ያለው አባት እውነቱን ነው፤ መናገርን ሁሉም ከእናቱ ይማራል። የተናገረው ነገር ለሌላው ምን ሆኖ እንደ ገባ ማወቅ ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ ልጁም ሊማር የሚሄደው ይህንኑ ነው። አባትም ቢሆን ባልተግባቡበት ውል ምክንያት የከፈለውን ገንዘብ ከመዝገቡ ፈልጎ ቢደምረው፣ ለዚህ ትምህርት ክፍያ ሲከፍል እንደ ኖረ ይረዳው ይሆናል።